ሰልባትዮውና እንጨቱ

መካኒኩ ዘመናዊውን ፓምፕ ከአሮጌው የጭነት መኪና የነዳጅ ማጠራቀሚያ ሰልባትዮ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያወጣ፣ አፉ ላይ የመጣውን ቃል ለመዋጥ ከንፈሩን ነከሰ። የነዳጁን መጠን የሚናገረው ተንሳፋፊ ክንዱ ዳግመኛ ተጣሞአል፤ የታችኛው ማጣሪያም ተበስቶአል።

መኪናው የእህቱ ባል የሆኑት የሽማግሌው ሹፌር ንብረት ነው፤ ዐርባ ዓመት አብሮአቸው አርጅቶአል። አዲስ ሞተር ቢገባለትም በየመንገዱ መገተሩን ስላልተወ እህቱ ታክቷት ገዥ አግኝታለች። ሰውየው ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ይመጣል። «እስከዚያ ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ሳይጠፋ ከሠራ ይቅር፤ አለዚያ ይሸጣል» ብላ ቁርጡን ተናግራለች። ሽማግሌው ይህን ከሰሙ ጀምሮ እህል በቅጡ አልቀመሱም።

መካኒኩም የሚቻለውን ሁሉ አድርጎ ነበር። ለአዲሱ ሞተር የተገዛው ፓምፕ ለጥልቅ ሰልባትዮ የተሠራ ስለሆነ፣ ከአሮጌው ጥልቀት በአራት ጣት ቢረዝምበት፣ የሚሸከሙትን ሁለት ዘንጎች ቆርጦ አሳጠረ፤ ሰልባትዮውን አጥቦና አናፍሶ ጣሪያውን ክብ አድርጎ ከፈተ፤ ፓምፑንም በብረት ቀለበትና በጎማ ማሸጊያ አሰረው። ሞተሩ ይነሣል፤ ጥቂት ቆይቶ ያስላል፤ ይሞታል። ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦውን፣ የፓምፑን ሻጭ፣ በመጨረሻም የገዛ እጁን ሲራገም ሰነበተ።

አሁን ግን ከተበሳው ማጣሪያ ውስጥ አንዲት ስንጥር መዘዘ። ቀና ሲል ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«እኔ ምን ዐውቄ! ከፋብሪካው ይሆናል።»

«ፋብሪካው እንጨት ይፈልጣል እንዴ? ከኋላዎ የያዙትስ?»

«ምርኩዜ ነው።»

«ምርኩዝ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል?»

ሽማግሌው ቀጭኑን እንጨት ቀስ ብለው ወደ ፊት አመጡት።

«ብለካውስ! ያንተ የነዳጅ ጠቋሚ መርፌ ግማሽ ነው ይላል፤ ግማሽ መሆኑን በምን ልመን? በጎልማሳነቴ መርፌ ዋሽቶኝ ሁለት ቀን ምድረ በዳ ላይ ተገትሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ነዳጄን በእንጨት እንጂ በወሬ ለክቼ አላውቅም።»

«በቀን ስንቴ ይለካሉ?»

«ጧት… ከምሳ በኋላ… ልቤ ካላረፈ ደግሞ አንዳንዴ።»

«ጋሼ፣ ቶማስ እንኳ አንድ ጊዜ ዳስሶ አመነ!»

«ቶማስ ሹፌር አልነበረማ!»

መካኒኩ ስንጥሯን መሬት ላይ ጣለ። «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት ይላሉ፤ ከሽማግሌስ ጋር የተጫወተ ምን ይሁን?» ሲል አጉረመረመ።

እንጨቱን ሊሰብረው አሰበና ተወው። ሽማግሌው ነገ ሽቦ፣ ከነገ ወዲያ የጃንጥላ ዘንግ ማግኘታቸው አይቀርም፤ የዐርባ ዓመት ልማድ ከእንጨት ጋር አብሮ አይሰበርም። ስለዚህ ክንዱን አቃንቶ፣ ማጣሪያውን ለውጦ፣ ፓምፑን በቦታው አሰረ። ከዚያም ታቹ የተደፈነ፣ ጎኑ የተበሳሳ ቀጭን ቱቦ አዘጋጅቶ ከፓምፑ ርቆ በሌላው ማእዘን አቆመ፤ ክዳንም አበጀለት። እንጨቱ ዳግመኛ እንዳይገባበትም በነዳጅ መቅጃው ጉሮሮ ላይ ወንፊት አሰረ።

«እነሆ፣ ይህ የእርስዎ ቀዳዳ ነው። በዚህ ቀን ከሌት ይለኩ። በወዲያኛው ግን እንጨት አይገባም!»

«መቼ አስቸገርሁህ አንተ ልጅ?» አሉ ሽማግሌው፤ ወዲያውም ለኩ።

ገዥው ሲመጣ ሞተሩ ይሠራ ነበር። እህቱ እጇን አጣምራ፣ ዐይኗን ከሰዓቷ ሳትነቅል ቆመች። ዐሥር ደቂቃ፣ ሃያ፣ ሠላሳ፤ ሞተሩ አንዴም አላሳለም።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምንህ። አይሸጥም» አለችው ገዥውን።

መካኒኩ በረጅሙ ተነፈሰ። አንዲት የምስጋና ቃል ጠብቆ ወደ ሽማግሌው ዞር ቢል፣ እርሳቸው ጆሮአቸውን ሰልባትዮው ላይ ለጥፈዋል።

«ስማ እንጂ፣ ይህ ጢዝ የሚለው ምንድን ነው?»

«ፓምፑ ነው፣ ጋሼ።»

«ንብ የገባበት ይመስላል። ዝም ማሰኛ የለውም? ሠላሳ ደቂቃ መሥራቱስ ይሁን፤ ነገ መሥራቱን በምን ዐውቃለሁ?»

መካኒኩ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ ከተተ፤ እጁን ሊታጠብ ሄደ።