የላይተሩ ድንጋይ

እትዬን ከወንዙ ጎትቼ ሳወጣት ሳቀች። ጥርሷ ግን ይንቀጫቀጫል። ታላቅ እህቴ ቀያሽ ናት፤ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እኔ ችካሎቿንና መሣሪያዋን እሸከምላታለሁ። መኪናችን ማዶ ቀርቷል፤ ውሃው ደግሞ በየደቂቃው ይሞላል።

የመንገድ ሠራተኞች ጥለውት የሄዱት አንድ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ደግፌ አስገባኋት። እርጥብ ልብሷን አውልቃ ጃኬቴን ለበሰች።

«እሳት» አለች።

ችካሎቹ በላስቲክ ተጠቅልለው ስለነበር ደረቅ ናቸው። አንዱን በቢላዋ ፍቄ ፍቅፋቂውን ከመርኩና የቤንዚን ላይተሬን አወጣሁ። የምትጭረውን ጎማ በአውራ ጣቴ ገፋኋት። ምንም የለም። ደገምኩ።

«ቤንዚን የለውም?»

«ጠዋት ሞልቼዋለሁ።»

«ድንጋይዋስ?»

የላይተር ድንጋይ የምስር ፍሬ የማታክል ነገር ናት፤ በተጫረች ቁጥር ታልቃለች። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ፣ መንገድ ላይ ሐሳብ ጭልጥ አድርጎ በወሰደኝ ቁጥር፣ ቀጭ ቀጭ ሳደርጋት ነው የከረምኩት። «ተው፣ ትጨርሳታለህ» ብላኝ ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

«በላሃት አይደል የኔ ፈላስፋ? በል እንግዲህ፣ ቅበረኝና ግጥም ግጠምልኝ።»

ጥቂት ቆይታ መንቀጥቀጧን ተወች። ሞቃት ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል፣ ቃላቷ እየተጎተቱ፣ «ይሄ ጥሩ አይደለም» አለች። «ሰውነት ሲሸነፍ ነው እንዲህ የሚሆነው። ሞላውን አውጣና ሳበው።»

ሞላው ድንጋይዋን ከሥር ወደ ጎማዋ የሚገፋ ጥምዝምዝ ሽቦ ነው። ድንጋይዋ ስታጥር አያደርሳትም፤ ከለጠጡት ግን ትንሽ ይጨምራል።

ባርኔጣዬን ገልብጬ በላዩ ላይ የላይተሩን የሥር ብሎን በቢላዋ ጫፍ ፈታሁ። ሞላው ዘሎ ወደቀ። ድንጋይዋ ተከተለች፤ ሩብ ምስር አታክልም። ጣቶቼ የሌላ ሰው ሆነውብኛል። ብነካት ተንከባልላ ስፌቱ ውስጥ ተወሸቀች። ቀና ስል የእትዬ ዓይን እየተከደነ ነው።

«እትዬ፣ እንዳትተኚ። ስደቢኝ።»

«አንተ... ዝርክርክ።»

«ጨምሪ።»

«ልብህን ገበያ ልከህ... የምትዞር...» አልጨረሰችውም።

ስፌቱን የላይተሩ ቀዳዳ አፍ ላይ አስጠግቼ በጥፍሬ ገፋኋት። ገባች። ሞላውን በጥርሴ ይዤ ለጠጥኩት፤ ከተትኩትና ብሎኗን አጠበቅኩ። እርጥቧን ጎማ ሸሚዜ ላይ አሸት አሸት አደረግኳት።

ብልጭ አለች፤ ቤንዚን የጠጣው ክር ግን አልያዘም። ካልጫንኩ አትጭርም፤ ከጫንኩ ልትደቅ ትችላለች። ሌላ የለኝም። ትንፋሼን ዋጥኩና ጫንኩ።

ክሩ ቦግ አለ።

ፍቅፋቂው ሲይዝ ችካሎቹን ደረደርኩበት። ጭሱ ቤቱን ሞላው፤ በሩን ገርበብ አድርጌ እትዬን ከጀርባዋ አቅፌ ወደ እሳቱ አስጠጋኋት፣ ስሟን እየጠራሁ። ስንት ጊዜ እንደጠራኋት አላውቅም። በመጨረሻ ትከሻዋ እጄ ውስጥ እንደገና ይርገፈገፍ ጀመር። እጇን ወደ ነበልባሉ ዘረጋች፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«ላይተሩን ስጠኝ።»

ሰጠኋት። ክዳኑን ከድና ኪሷ ከተተችው።

«አሁን እንጨት ጨምር» አለች።