የሚያመው ቦታ

በእኔ መጠጥ ቤት ውስጥ ጥርስ ሳይወልቅ የዋለበት ቀን አላስታውስም። ግዙፎቹ ከድንኮቹ፣ ድንኮቹ ከነጋዴዎቹ ይደባደባሉ፤ ነጋዴዎቹ ደግሞ ሰው ቢያጡ ከግድግዳው ጋር። አግዳሚ ወንበር በሳምንት ሁለት ይሰበራል። የእኔም ምላስ አያርፍም፣ መጥረጊያዬም አያርፍም። ከሁሉም የሚብሰው ግን የገዛ ወንድሜ ነበር። ጉልቤ የሚለውን ስም ያወጡለት የደበደባቸው ሰዎች ናቸው።

አምና ይሄ ጉልቤ ተብዬ ውኃ ጉድጓድ ላይ ከአንዲት አሮጊት ጋር በወረፋ ተጣላ፤ ገፍትሯት ቀደመ። ጠንቋይ መሆኗን አገር ያውቃል፣ እሱ ግን ጠጥቶ ነበር። አሮጊቷ ቀና ብላ አየችውና «እንደ ልብህ ያድርግህ» አለችው። የኔ ጅል «እንደ ልብህ ያድርግልህ» ያለችው መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ «አሜን» አላት! አንዲት «ል» ጎድላ ወንድሜን በላችው። ልቡ ድንጋይ መሆኑን መቼም እኔም አውቃለሁ። በሳምንቱ የእግሩ ጣቶች ድንጋይ ሆኑ።

ከጣቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ወደ ጉልበቱ ወጣ። ወገቡ ጋ ሲደርስ ምድጃው አጠገብ አቆምነው፤ ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። መድኃኒተኛው ከወንዙ ማዶ መጥተው ነካክተው አዩት።

«የመድኃኒቱ ቅጠል የሚደርሰው ክረምቱ ሲወጣ ነው» አሉኝ። «ያኔ ይዤ እመጣለሁ። የሚያመው ቦታ አንድ እንኳ ከቀረ፣ ከዚያ ተነስቼ ሥጋውን እመልሰዋለሁ። ከሌለ ግን፣ ልጄ፣ ድንጋይ ማከም አልችልም።»

እናም በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ የሚያመውን ቦታ እንፈልግ ነበር። የሚመታው ኮርኒስ ነው፤ በራችንን እየዳኸ የሚገባ ግዙፍ። ድሮ ጉልቤ ሁለት ጥርሱን አውልቆበታል፤ አሁን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚመታው። ኮርኒስ ይመታል፣ እኔ «እኔን!» እላለሁ፣ ጉልቤ «ወይኔ! እጅህን ይቁረጠው!» ይላል፣ ቤቱ በሙሉ ኩባያውን እያንኳኳ ይጮኻል። ክንዱ ሄደ፣ ደረቱ ሄደ፣ አንገቱ ሄደ። ዓይኑ ፊት ለፊቱ ካለው በርሜል በቀር የማያይ ሆነ። አፉ ድንጋይ ሆኖም ይናገራል፤ የሱ ምላስ መቼም ከሁሉ መጨረሻ ነው የሚሞተው። የሚያመው ቦታ ብለን የያዝናት ግራ ጆሮው ነበረች። ሰው በአንዲት ጆሮ ተስፋ ያደርጋል? እኔ አደረግሁ። ኩባያ ሳጥብ ዞር እያልኩ አያታለሁ፣ ቀላ ያለች ይመስለኛል።

ዛሬ መድኃኒተኛው መጡ። የቅጠሉ ሽታ ከከረጢታቸው ወጥቶ ቤቱን ሞላው። ድንኮቹ ሳይቀሩ ጠባቸውን ትተው ተሰበሰቡ።

«እስቲ ልየው» አሉ።

«እትዬ፣ አይዞሽ» አለኝ ጉልቤ፣ ዓይኑን ከበርሜሉ ሳይነቅል። «ትናንት እንዴት እንዳመመኝ አላየሽም?»

ኮርኒስ እጁን አነሳ። ከፍርሃቴ ብዛት ቸኩዬ «እኔን!» አልኩ።

«ወይኔ ጆሮዬን!» ብሎ ጮኸ ጉልቤ። «እጅህን ይቁረጠው፣ አንተ ገደል!»

የኮርኒስ እጅ ገና አየር ላይ ነበረች።

ስንት ወር እንዲህ እንዳደረገኝ እንጃ፤ «እኔን» ባልኩ ቁጥር እኔን ላለማስከፋት አመመኝ ሲል ኖሯል። ልቡ ድንጋይ ነው ያልኩት እኮ እኔ ነኝ፤ ምነው አፌን በቆረጠው። ደግሞ ንድድ አለኝ፣ በመጥረጊያው ላቀምሰው ተነሳሁ። ምን ይሰማዋል ብዬ ተውኩት።

መድኃኒተኛው ከረጢታቸውን ቋጠሩ። ኮርኒስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ ጉልቤ። «አመመኝ እኮ! አባት፣ ሰሙኝ አይደል? እትዬ?»

«ሰምተዋል» አልኩት። «ቅጠሉን እየወቀጡልህ ነው።»

ጉልቤ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በጣም ነው እንዴ የመታኝ?»

ጆሮውን ያዝኳት። ከምድጃው ድንጋይ አትለይም።

«በጣም» አልኩት። «እኔን፣ ወንድሜ። እኔን።»