የዱባው ወንዴ አበባ

ከሞጆ የሚመጣው ሊቶሪና ባቡር አቃቂ ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው፣ የጣቢያው ትኬት ቆራጭ ቀናው ሦስት ጊዜ ከቤቱ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በሊቶሪናው እናቱ እማማ ወርቅነሽ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ። ጉዳያቸው ይታወቃል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልወለደችውን ምራታቸውን አቻምየለሽን ወደ አባቷ ቤት ሊመልሱ ነው። በቀናው የኮት ኪስ ውስጥ ደግሞ ማንም የማያውቀው የሐኪም ወረቀት አለ። ጉድለቱ ከእሱ ነው ይላል። ሁለት ወር ይዞት ዞረ።

አቻምየለሽ ሐዲዱ ዳር ካለው አጥራቸው ሥር ጎንበስ ብላ የዱባ እንቡጥ እየለቀመች ትጥላለች። ፍሬ ያልያዘ አበባ ሐረጉን በከንቱ ይመጥጠዋል ብለው ያስለመዷት አማቷ ናቸው። የተረፉትም ታዲያ አውራ ጣት ሳያክሉ ይረግፋሉ።

«እጄ ነው መሰለኝ» አለች። «የነካሁት ሁሉ አይይዝም።»

ቀናው የጣለችውን አንድ እንቡጥ አንስቶ ቀደደው። አሥረኛ ክፍል ሳለ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሳሉት አበባ ድቅን አለበት። ስንት ጠዋት በዚህ አጥር ላይ ተደግፎ ባቡር ሲያይ፣ ከእግሩ ሥር ያለውን ሳያይ ኖሯል።

«ይሄ እኮ ባዶ አይደለም፤ ወንዴው ነው» አላት። «ሲፈካ መሀሉ ያለው ዘንግ ቢጫ ዱቄት ያወጣል። ከሥሯ ትንሽ ዱባ ያላት ሴቴዋ ናት። ንብ ዱቄቱን ካላመጣችላት ትረግፋለች።»

የራሳቸው ወንዴ ሁሉ ተለቅሞ ስላለቀ፣ የፈካ ሊለምን ወደ ጎረቤታቸው ወደ እትዬ ዳሲቱ ጓሮ ተሻገረ።

«ደግሞ ወንድ ከጎረቤት መዋስ ጀመራችሁ?» ብለው ሳቁበት። ጆሮው ጋለ።

ወደ አጥራቸው ተመልሶ የወንዴውን የአበባ ቅጠል ገንጥሎ፣ ዘንጉን ተጣባቂ በሆነው የሴቴዋ ጫፍ ላይ አሸት አሸት አደረገው። አቻምየለሽ ጣቶቹን ስታይ ቆየች።

«እስከዛሬ የረገፉት ታዲያ ጥፋቱ የሴቴዎቹ አልነበረም?»

«አልነበረም» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አቃተው። «ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። የማልወልደው እኔ ነኝ። ሁለት ወር ሆነኝ ካወቅሁ።»

በእጇ የያዘቻቸውን እንቡጦች መሬት ላይ በተነች።

«እናትህ ሲሰድቡኝ ቁጭ ብለህ ታዳምጥ ነበር» አለች። «ለእኔ አይደለም የምትነግረው። ለሳቸው ንገር።»

ሊቶሪናው ጮኸ፤ ቀናው ወደ ጣቢያው ሄደ።

እማማ ወርቅነሽ ከነሽማግሌያቸው ወረዱ። ሰላምታም ሳያስቀድሙ አቻምየለሽ ልብሷን ሸክፋ እንደሆን ጠየቁት። ትኬት መስኮቱ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር።

«እማዬ፣ የትም አትሄድም። የማልወልደው እኔ ነኝ።»

ሰልፈኛው ዞር አለ። እናቱ እጃቸውን ወደ አፉ ሰደዱ።

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል።»

«ይስማ» አለና ወረቀቱን አወጣ። ቢጫው ዱቄት ከጣቱ ወረቀቱ ላይ ቀረ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንስተው ወደ ሊቶሪናው ተመለሱ። እማማ ወርቅነሽ ግን ቆመው ቀሩ። በኋላ ዘንቢላቸውን ለቀናው ሰጥተው፣ ቤቱን እንደማያውቅ እንግዳ ከኋላው ተከተሉት።