የአባቴ ልብ በእኔ ስም

"እረፊ" የሚለኝን ሰው እጠላለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም። ከዐሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ስሮጥ ስለኖርኩ፣ እረፊ ሲሉኝ ሙቺ ያሉኝ ስለሚመስለኝ ነው። የቡድን ጓደኞቼ "ባቡር" ይሉኛል። ባቡር ደግሞ ቆሞ ምን ያደርጋል?

ይህን ሁሉ የሚያናግረኝ የቅልጥሜ መሰንጠቅ ነው። ስንጥቋ ፀጉር አታክልም፤ ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን አንስቶ በእስክሪብቶ ጫፍ ባያሳየኝ ኖሮ አላያትም ነበር። "ስድስት ሳምንት ሩጫ የለም" አለኝ፤ አባባሉ "እሁድ ሱቅ ዝግ ነው" የሚል ነው የሚመስለው። ለትልቁ የማራቶን ውድድር ሯጭ የሚመረጥበት ማጣሪያ ዐሥር ሳምንት ቀርቶታል። ይህን ማጣሪያ አራት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ዕድሜዬ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ ሌላ አራት ዓመት የምጠብቅበት እግር የለኝም።

አሰልጣኛችንን ሁላችንም ኮች ነው የምንለው። ኮች ሐኪሞችን ብዙም አያምንም፤ እኔን ግን ጭራሽ አያምነኝም። ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ የክለቡን ጥቁር ሰዓት አወጣና ፊቴ አስቀመጠው።

"ይቺን ጠዋት ጠዋት ታስሪያታለሽ። ግማሽ ሰዓት ቀስ ብለሽ ትራመጃለሽ፤ ከዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለሽ አየር ትቀበያለሽ። የልብ ምትሽ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ይመጣልኛል። አንድ ቀን ሮጠሽ ባገኝሽ ስምሽን ከማጣሪያው እሰርዛለሁ። ባቡርም ሁኚ አውሮፕላን!"

"አየር ትቀበያለሽ" ያለው ነገር ነው የበለጠ ያናደደኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ደጅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከእኔ በላይ አየር የተቀበለ ማን አለ?

አየር መቀበል የሚያውቀውስ አባቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ዕለት፣ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ካለቁ የባትሪ ድንጋዮች ጋር ጣለው። "ከእንግዲህ ሰዓት የሚባል ነገር እጄ ላይ አይታሰርም" ብሎ ማለ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን የምንኖረው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮፍያውን አድርጎ ከሰፈራችን ጀርባ ወዳለው የውሃ ግድብ ይሄዳል፤ ቀለሙ የተላጠ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እስከ አምስት ሰዓት ውሃውን ያያል። ከውሃው ምን እንደሚያገኝ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ጥርሴን ነክሼ አብሬው ተቀመጥኩ።

"ያቺውልሽ፣ አራት ቁጥር መጣች" አለኝ።

"ማናት አራት ቁጥር?"

"ዳክዬዋ ናታ። ከሸምበቆው ትነሳና ዳር ዳሩን ይዛ እዚያ ድንጋይ ጋ ትደርሳለች፣ ትመለሳለች። መስመር ስታ አታውቅም። ያ ጥቁሩ ደግሞ ዘጠኝ ቁጥር ነው፤ ፌርማታ ላይ ቆመሽ እያየሽው ጥሎሽ የሚሄድ ዓይነት ነው።"

"እሺ ሌላስ?"

"ዐሥራ ሰባት ቁጥር ገና ናት። እሷ ሁልጊዜ ትዘገያለች። ሞተሯ ሳይሆን አይቀርም።"

በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከመቀመጤ እግሬ በራሱ ጊዜ መነቅነቅ ይጀምራል፤ ላቆመው ብል እምቢ ይለኛል።

"እግርሽን አሳርፊያት እንጂ የኔ ልጅ። ዳክዬዎቹ የመሬት መንቀጥቀጥ መሰላቸው" አለኝ።

በአራተኛው ቀን ሚዳቋ በግድቡ ዳር ሮጣ አለፈች። ሚዳቋ የምንላት የቡድናችንን ትንሿን ሯጭ ነው፤ ስትሮጥ መሬት የምትነካ አትመስልም። "እረፍት እንዴት ይዞሻል?" ብላ እጇን አውለበለበችልኝ። ልጅቷ ከልቧ ነው የጠየቀችው፤ እኔ ግን አንጀቴ ቅጥል አለ። ያን ቀን ስንቀመጥ ስንነሳ፣ ምሳ ስንበላ፣ የታየኝ የእሷ ተረከዝ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ አባቴ ፊት ቆምኩ።

"አባዬ፣ ይቺ ሰዓት ቆዳዬን እያሳከከችኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ጊዜ አንተ እጅ ላይ ብትሆን ምን ይልሃል? ካወለቅኳት ኮች ይቆጣኛል።"

የገዛ እጁን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ስንት ቀን?"

"እስኪሻለኝ።"

ክንዱን ዘረጋልኝ። ስለ መሐላው አንድም ቃል አላነሳም፤ እኔም ትዝ አላለኝም። ሰዓቷን አሰርኩለት፣ "ሱቅ ደርሼ ልምጣ" አልኩት፣ እግሬ አውጪኝ ብዬ ከግድቡ ማዶ ወዳሉት ጥዶች ፈረጠጥኩ።

እንደዚያ ነው የጀመርኩት። በየቀኑ ማስታገሻ ክኒን እውጣለሁ፣ ሰዓቷን አባቴ እጅ ላይ አስራለሁ፣ ከግድቡ ኋላ ባለው የአፈር መንገድ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጬ ላቤን ጠራርጌ እመለሳለሁ። አባቴ እንደተቀመጠ አገኘዋለሁ። "ሱቁ ራቀ እንዴ?" ይለኛል፤ "ሰልፍ ነበር" እለዋለሁ። ቅልጥሜን ሲያመኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ጥዱ ይሽተት አይሽተት፣ ወፍ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ደቂቃ ነው።

ኮች አንድ ቀን ደወለ። "ሰባ አራት? ተቀምጠሽ ሰባ አራት? ያንቺ ልብ እኮ አርባ ስድስት ነበር! እረፍቱን አኩርፈሽው ነው። ተረጋጊ!" አለኝ። የስልሳ ስምንት ዓመት ጡረተኛ ልብ የእኔ ተብሎ ስሰደብበት ደሜ ፈላ። ምን ልበል? "እሺ፣ እረጋጋለሁ" አልኩ።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እያለሁ እንደገና ደወለ። ትንፋሼን ውጬ አነሳሁት።

"የት ነሽ?"

"ዛፍ ሥር።"

"ስሚኝ፣ አትደንግጪ። የሳምንቱን መዝገብ ገና አሁን ማየቴ ነው። ልብሽ ልክ አይደለም። ሐሙስ ዕለት፣ ቅዳሜም፣ ትናንትም፣ ዝም ብለሽ በተቀመጥሽበት ድንገት ይጋልባል፤ ከዚያ ይንቀራፈፍና ሊቆም ይደርሳል። ለክለቡ ሐኪም አሳየሁት። ዛሬውኑ ሆስፒታል ትግባ ብሏል።"

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ልቤ እንደ ብረት ነው፤ ይኸው ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጬ ምንም አላለኝም! ሚዳቋን ለማስገባት ሰበብ እየፈለጉልኝ ነው ብዬ እስከማሰብ ደረስኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በአንድ እስትንፋስ ነው። ቀጥሎ ግን ያ ልብ የእኔ እንዳልሆነ ትዝ አለኝ።

እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። መሐል መንገድ ላይ ቅልጥሜ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ፤ አልቆምኩም። አባቴ አግዳሚው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጓል።

"ምነው? ሱቁ ተቃጠለ?"

"አባዬ፣ ያምሃል እንዴ?"

"ምን ያመኛል?"

"ልብህን! ደረትህን! ያዞርሃል?"

ወደ ውሃው ዞር አለ። "ትንሽ ያዞረኝ ነበር። ዕድሜ ነው።"

ሆስፒታል ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው መረመሩት። ነርሷ ሰዓቷን ስትፈታለት ከሥሯ ነጣ ያለ መስመር ታየ። ዓይኗ ደም የመሰለ ወጣት ዶክተር ወረቀቱን ገልብጣ ገላልጣ አየችው።

"አባት፣ አሁን ልብዎ ደህና ነው የሚመታው። ከመቼ ጀምሮ ነው ያዞርዎት?"

"አይ፣ ይሄን ያህል እንኳ አይደለም ልጄ" አለ አባቴ። ዶክተሯ ወደ ቤት ልትሸኘው ተነሳች። ያኔ ነው የሰዓቷን ነገር የተናገርኩት። ኮች መዝገቡን ለሐኪም ላክልኝ ስለው ወዲያው በስልኬ ላከልኝ፤ "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ" የሚል ጽፎበታል። ዶክተሯ ስልኩን ተቀብላ ስታየው ግንባሯ ተኮማተረ።

"ይሄ ከሆነ ደረታቸው ውስጥ ልባቸውን የሚያስመታ ባትሪ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ልብ አንድ ቀን ላይመለስ ይችላል። ግን ስሙ የሴት ነው፤ ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ ይላል።"

"የእኔ ስም ነው። ያሰረው እሱ ነው።"

"በአፍ አይሆንም እህቴ። በሌላ ሰው መዝገብ የሰው ደረት አልከፍትም። መዝገቡን የያዘው ክፍል፣ በነዚህ ቀናት ሰዓቱን ያሰሩት እሳቸው መሆናቸውን ጽፎ ይላክልኝ። ካልሆነ ሌላ መመርመሪያ አስረንላቸው ይህ ምት እንደገና እስኪመጣ እንጠብቃለን።"

እስኪመጣ እንጠብቃለን። ኮሪደሩ ላይ ወጣሁና ግድግዳውን ተደገፍኩ። እውነቱን ልናገር፤ አሰብኩበት። ቢበዛ አንድ ደቂቃ ይሆናል፣ ግን አሰብኩበት። ጥቂት ቀን ብንጠብቅስ? ልቡ እንደገና ይዘላል፣ እነሱ ያዩታል፣ የእኔም ስም ከማጣሪያው አይነሳም። ይህን ያሰብኩበትን ጭንቅላት አውልቄ ብጥለው ደስ ባለኝ። ደወልኩ።

"ኮች፣ ያ ልብ የአባቴ ነው።"

ሁሉንም ነገርኩት፤ ጥዶቹንም፣ ክኒኑንም፣ ዶክተሯ የጠየቀችውን ደብዳቤም።

"ስለዚህ ያንቺ ልብ ደህና ነው?" አለኝ መጨረሻ ላይ።

"ደህና ነው።"

"ተመስገን። አባትሽንም ይማርልሽ። ደብዳቤውን አሁን እልካለሁ። ስምሽን ደግሞ ነገ ጠዋት እሰርዛለሁ።"

ሁለቱንም እንዳለው አደረገ።

ለአባቴ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ደረቱ ውስጥ ተቀበረችለት። እኔም እንደገና ራጅ ተነሳሁ፤ ፀጉር የማታክለው ስንጥቅ መንገድ አክላ ነበር። ዐሥራ ሁለት ሳምንት በክራንች ተፈረደብኝ። ዶክተሯ አባቴን ስታሰናብተው በቀን ግማሽ ሰዓት እንዲራመድ፣ ቀስ እንዲል፣ ብቻውንም እንዳይሄድ አዘዘችው። ከእኔ ሌላ ማን አለውና! በየጠዋቱ እሱ በባትሪው እኔ በክራንቼ እየተንቀራፈፍን ወደ ግድቡ እንወርዳለን። ሕፃናት በሦስት እግር ብስክሌት ያልፉናል። ክራንቹ ብብቴን ይልጠኛል፣ ፀሐይዋ ታቃጥለኛለች፣ ዳክዬዎቹ ያበሽቁኛል። ኮችን ጠላሁት፤ ቅልጥሜን ጠላሁት። አባቴ ላይ እንኳ የተናደድኩበት ጊዜ ነበር።

የማጣሪያው ቀን ደረሰ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ማዳመጫ በጆሮዬ ሰክቼ ውድድሩን በስልኬ ሰማሁ። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሚዳቋ ጥላቸው ወጣች። አሸነፈች። የገባችበትን ሰዓት ሲናገሩ ሰማሁት፤ እኔ ከዚያ የተሻለ ሰዓት ሁለት ጊዜ ሮጫለሁ። ማዳመጫውን መንጭቄ አወጣሁትና ያ ሁሉ ሲጠራቀም የከረመ ንዴት አባቴ ላይ ፈነዳ።

"አንተስ? ልብህ ሲዘልልህ እያወቅክ ለምን አልነገርከኝም? አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት? እዚህ ተቀምጠህ ብትሞትብኝስ?"

አልተቆጣኝም። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"እንደምትሮጪ እኮ በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት።"

"ምን?"

"ሱቅ ደርሳ የምትመጣ ሰው ጫማዋ ቀይ አፈር አይሆንም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳፋሪን በመስታወት ሳይ ኖሬ፣ ቲኬት ሳይቆርጥ ሹልክ የሚለውን ልስት ነው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ማጣሪያው ነዋ። አራት ዓመት የጠበቅሽው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ያ ነገር ሲጀምረኝ፣ ልቤ ሲጋልብ፣ 'አሁን ይሄ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይወጣና ልጄ ሮጠች ይላሉ' ብዬ ፈራሁ። ተነስቼ ወደ ቤት ልሂድ እልና፣ ከተራመድኩ ይብስበታል ብዬ እተወዋለሁ። ሰው ልጥራ እላለሁ፣ መጮህም ያው ነው። ስለዚህ ትንፋሼን ቀስ አድርጌ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ዝም እላለሁ። አንቺ እስክትመጪ።"

ያን ቀን ሮጬ ስደርስ ቀጥ ብሎ የተቀመጠበት አቀማመጥ ዓይኔ ላይ መጣ። እኔ እሱ ደህና እያረፈ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እኔ ጥድ መሐል ደቂቃ ስቆጥር፣ አባቴ ለእኔ ስም ሲል ከገዛ ልቡ ጋር ይታገል ነበር። አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ልቅሶ ብቻ ወጣ።

"አልቅሺ፣ ግድ የለም" አለኝ ጀርባዬን ቸብ ቸብ እያደረገ። "ብቻ አግዳሚውን አታንቀጥቅጪው።"

አለቀስኩና ሲበቃኝ ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩ። አራት ቁጥር ዳር ዳሯን ይዛ ሄደች፣ ተመለሰች። ዘጠኝ ቁጥር እንደ ልማዱ ጥሎን አለፈ። ነፋሱ ከማዶ የጥድ ሽታ ያመጣ ነበር፤ ያን ያህል ቀን ውስጡ ስሮጥ አንድ ጊዜ እንኳ አሽትቼው አላውቅም። ንዴቴ አልወጣልኝም። እስከ ዛሬም ሁሉም አልወጣልኝም።

ፀሐይዋ ወደ አናታችን ስትጠጋ አባቴ ኮፍያውን አደረገ።

"በቃ፣ እንሂዳ። ሰለቸሽ አይደል?"

ክራንቼን አነሳሁ። ከዚያ መልሼ አግዳሚው ላይ አጋደምኩት።

"ቁጭ በል አባዬ" አልኩት። "ዐሥራ ሰባት ቁጥር አልመጣችም።"