ከቀዩ ነጥብ ወዲያ

አባታቸው ሲሞት ለሁለት ልጆቹ የተወው ንብረት አንዲት የመጫወቻ መኪና ናት ቢባል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ክንድ የምታህል፣ እውነተኛ ሞተር ያላት፣ በሪሞት የምትነዳ፣ ስትነሳ ጎረቤት የምታስረግም የውድድር መኪና ናት። ልጅቷ ትነዳለች፤ ታላቅ ወንድሟ ሜዳው ዳር ቆሞ ነዳጅ ይሞላል። አባትየው ከሞተ ወዲህ ሁለቱ ሳይኮራረፉ አብረው የሚቆሙበት ቦታ ቢኖር ያ ሜዳ ብቻ ነው።

ብርዱ ከገባ ወዲህ ግን መኪናዋ አንድም ውድድር አልጨረሰችም። ሞተሩ ሲግል ቀጥ ይላል። ቅዳሜ ልጅቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታችው። ፒስተኑ ተፍቋል፣ ሲሊንደሩ ጭረት በጭረት ሆኗል፣ ኩሽኔታው ይወዛወዛል።

"እናሳድሰዋለን" አለ ወንድሟ።

"ምኑን? ፒስተኑ ከተቀየረ፣ ሲሊንደሩ ከተቀየረ፣ ኩሽኔታው ከተቀየረ የሚተርፈው ቆርቆሮው ነው።"

"ቆርቆሮውስ የአባዬ አይደል?"

ልጅቷ መልስ ልትሰጠው ስትል ዓይኗ የነዳጁን መጠን የምትወስነው ብሎን ላይ አረፈ። አጠገቧ ቀይ የቀለም ነጥብ አለች። አባትየው ከመሞቱ በፊት፣ በበጋው ሐሩር፣ ብሎኗን እዚያ ላይ አቁሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንድሟ ካቻቢቴ አላስጠጋም። ብርድ ሲመጣ ሞተሩ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ካነሰው ግሎ ይፋቃል፤ እነሱ ግን ለነጥቧ ሲሰግዱ ከረሙ። ንዴት አናቷ ላይ ወጣ።

"እኛ ነን የፈጀነው! ነዳጅ ነፍገን አቃጠልነው!"

"አባዬን ልታርሚ ነው?"

"አባዬ በየውድድሩ ማለዳ ይቺን ብሎን ያዞራት አልነበር? ራሱን እያረመ የኖረ ሰው ነው፣ ወንድም ጋሼ። እንደ ሐውልት ያቆምከው አንተ ነህ። አዲስ ሞተር እገጥማለሁ፤ አለቀ።"

ወንድሟ ፊቱ ጠቆረ። "አዲስ ከገባባት ነዳጅ የሚሞላልሽ ፈልጊ።"

አባቷን ቀብራለች፤ ወንድሟን ደግሞ በቁሙ ማጣት አልፈለገችም። ቢሆንም የሞተ ሞተር አቅፋ አታለቅስም።

"እንግዲያው አትሙላ" አለችው።

እሁድ አዲሱን ሞተር ገጥማ ብቻዋን ሄደች። ነዳጁ መሃል ላይ ሲያልቅባት ነጂዎቹ ከሚቆሙበት ሰገነት እየሮጠች ወርዳ ሞላች፣ እየሮጠች ወጣች። መኪኖቹ ሁሉ አለፏት። ዳኛው ሳቀባት። "ሳቅ፣ ጥርስህ ይርገፍ!" ብላ መንዳቷን ቀጠለች።

ለሁለተኛ ጊዜ ልትሞላ ስትወርድ ከአጥሩ ማዶ አንድ የምታውቀው ድምፅ አምባረቀ።

"አንቺ! ድምጿን አትሰሚም? ነዳጅ አንሷታል፣ ታቃጥያታለሽ! ብሎኗን ክፈቺላት!"

ወንድሟ ነው። አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ከንፈሩን ያኝካል። ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደቆመ እግዜር ይወቅ። ልጅቷ እንባዋ መጣባት፤ ግን አልለሰለሰችለትም። ካቻቢቴውን ከኪሷ አውጥታ በአጥሩ ላይ ወረወረችለት።

"ራስህ ና ክፈታት!"

ካቻቢቴውን ከመሬት አነሳ። አየው። ከዚያ ያ ትልቅ ሰውዬ ሱሪውን እየቀደደ አጥሩን ዘለለ።