«ዘመናዊ» ሲፈታ

በዘመነ ማርቆስ፣ ጣሊያን ቡሬ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ የከተማው ሰው ክንዱን በስሙ መጥራት ትቶ ነበር። «ዘመናይ» ነበር የሚለው። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ካኪው በካውያ ተተኩሷል፣ ፀጉሩ በቅባት ተለጥፏል። ከካፒቴኑ ጎን ቆሞ አማርኛውን ወደ ጣሊያንኛ፣ ጣሊያንኛውን ወደ አማርኛ ሲያመላልስ ላየው ሰው ስሙ ያለቦታው አልተሰጠውም። ችግሩ፣ ጎጃም ውስጥ «ዘመናይ» ሲባል ግማሹ ሙገሳ፣ ግማሹ ስድብ ነው። ጊዜ የሰጠው ማለት ነዋ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል፤ ድንጋይ መስበሩ ግን ቅል ከመሆን አያድነውም።

ክንዱ በልጅነቱ የቅኔ ተማሪ ነበር። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ደብር፣ ከየኔታ ወልደ ዮሐንስ ጉባኤ ሁለት ዓመት ተቀምጦ፣ አንዲት ጉባኤ ቃና እንኳ ሳይቆጥር ኮበለለ። ጉባኤ ቃና ማለት ጀማሪው ሁሉ የሚፍጨረጨርባት፣ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ትንሿ ቅኔ ናት። «ሰሙን ስይዝ ወርቁ ያመልጠኛል» ነበር የክንዱ ምክንያት። አስመራ ወርዶ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ሲላላክ ጣሊያንኛ ለመደ። አገሩ ሲናፍቀው ደግሞ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ይዘውት መጡ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ያልተለወጠ ነገር ቢኖር ለየኔታ ልጅ ለሀብትነሽ ያለው ፍቅር ነው። ሽማግሌ ላከ። የኔታም ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው ሲያበቁ፣ «ልጄን ለዘመናይ አልሰጥም። ዘመኑ ሲያልፍ ምን ሊያደርጋት ነው?» ብለው አሰናበቷቸው።

በዚህ መሃል ካፒቴኑ አዲሱን ጽሕፈት ቤቱን አሠርቶ ጨረሰና ከበሩ በላይ የሚቆም ጥርብ ድንጋይ አስመጣ። በላዩ «ዘለዓለማዊ መንግሥት» ተብሎ በአማርኛ እንዲቀረጽ ፈለገ።

«የዚህን አገር ሊቅ አምጣልኝ» አለው ክንዱን። «በራሱ እጅ ይጻፈው። ሕዝቡ የሚያምነው እሱን ነው።»

በአካባቢው ሊቅ ከተባለ የኔታ ናቸው። ክንዱ ሳይወድ በግድ ወደ ደብሩ ሄደ። ሀብትነሽ ከደጅ ጌሾ ትወቅጥ ነበር፤ ስታየው ዘነዘናዋን አቆመች።

«ውይ፣ ዘመናይ መጡ! ጫማዎን ጭቃ እንዳይነካብን ጋቢ ላንጥፍልዎ?»

«ሀብቴ፣ ዛሬ ለቀልድ አልመጣሁም» አለና ገባ።

የኔታ መልእክቱን ሰሙ። ከዚያ እንደ ድሮው፣ ተማሪ ፊታቸው እንደተቀመጠ አድርገው ጀመሩ። «ዘለዓለም ሲፈታ ምንድን ነው? ዘ፣ ለ፣ ዓለም። ለዓለም የሆነ፣ የማይነጥፍ። እሱ የአንድዬ ነው፤ ለሰው አልጽፈውም።»

«የኔታ፣ እምቢ ካሉማ ይሰቅሉዎታል!»

ክንዱ ፈርቶ ነበር፤ ለየኔታም ለራሱም። መምህሩን ጠርቶ ለገመድ የሰጠ እሱ ሊሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ሀብትነሽ ፊቱን ልታየው ነው?

«እምቢ መች አልኩ?» አሉ የኔታ። «ነገ እመጣለሁ። አንተ ብቻ የተባለውን አድርስ። አትጨምር፣ አትቀንስ።»

በማግሥቱ ካፒቴኑ ግቢው ውስጥ ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። ከጎኑ ግራዝማች ይርሳው አሉ። ግራዝማች በየትኛውም መንግሥት ሹመት አጥተው የማያውቁ፣ ገዢ በተለወጠ ቁጥር ካባ የሚለውጡ ሰው ናቸው። ቅኔም ይሰማሉ። የኔታ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ቀረቡ።

«ክንዱ፣ እስቲ ጠይቅልኝ። መንግሥታቸው አሮጌ ነው ወይስ አዲስ?»

«አዲስ እንጂ!» አለ ካፒቴኑ። «መንገድ የሚጠርግ፣ ካሚዮን የሚነዳ፣ የስልክ ሽቦ የሚዘረጋ!»

«እንግዲያ ዘለዓለማዊ ምን ያደርግላቸዋል? እሱ እኛ በየቅዳሴው የምንለው የአሮጌ ሰው ቃል ነው። ካሚዮን ላለው መንግሥት ሰሞኑን ከወደ አዲስ አበባ የመጣ ቃል አለ። ‹ዘመናዊ› ይሉታል። እሱን ልጻፍላቸው።»

ካፒቴኑ ወደ ክንዱ ዞረ። «ምን ማለት ነው?»

«ሞዴርኖ» አለ ክንዱ፣ ከተሜው ቃሉን በሚይዝበት ፍቺ።

«ሞዴርኖ! ግሩም ነው፣ ይጻፍ!»

የኔታ ከሰል ይዘው ድንጋዩ ላይ ፊደሉን መንደፍ ጀመሩ። «ዘ» ጻፉ፣ «መ» ጻፉ። «ና» ላይ ሲደርሱ የክንዱ ጭንቅላት ሳያዘው የድሮውን የቅኔ ቤት መንገድ ያዘ። ዘመነ ማቴዎስ ይሄዳል፣ ዘመነ ማርቆስ ይመጣል። ማርቆስ ይሄዳል፣ ሉቃስ ይተካል። ዘመን የሚሉት ነገር ሥራው ማለፍ ነው። ዘመናይ የዘመን ነው፣ ዘመነኛ የዘመን ነው፣ ዘመናዊም ያው የዘመን ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅ የሚያልቅ! የኔታ በሰውየው በገዛ በሩ ላይ «ይህ መንግሥት አላፊ ነው» እያሉ እየጻፉለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያመልጠው የኖረው ወርቅ፣ በማይሆን ሰዓት እጁ ገባ።

ወርቁን ያየ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ግራዝማች ይርሳው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ጌታዬ፣ ይጠንቀቁ! ይህ ቃል ወርቅ አለው!»

«ምን ይላል?» አለ ካፒቴኑ።

የኔታ ከሰላቸውን እንደያዙ ቀና ብለው ክንዱን አዩት። ክንዱ ትናንት የተባለው ትዝ አለው። አትጨምር፣ አትቀንስ።

«ግራዝማች ‹ይህ ቃል ወርቅ አለው› ይላሉ» አለ በጣሊያንኛ።

«ወርቅ?» የካፒቴኑ ዓይን ፈጠጠ።

«ሰሙን ትተው ወርቁን ይዩ በልልኝ እንጂ፣ አንተ!» ብለው ጮኹ ግራዝማች።

«ሰሙ ይቅር፣ ወርቁ ይታይ ይላሉ።»

ካፒቴኑ ተነሥቶ ግራዝማችን አቀፋቸው። «ይኸ ነው ወዳጅ! ልክ ነው፣ በተራ ቀለም ምን አስጻፈን? በወርቅ ቀለም ይቀባ! ቀለሙን የማስመጣቱን ክብርም ለእርስዎ ሰጥቻለሁ።»

ክንዱ ይህንንም ሳይጨምር ሳይቀንስ አደረሰ። ግራዝማች አሁን «የለም፣ ቃሉ ስድብ ነው» ቢሉ፣ ታዲያ ስለምን ወርቅ ወርቅ አልክ ሊባሉ ነው። እጅ ነሥተው ተቀመጡ።

ክንዱ የኔታን ወደ ደብሩ ሲሸኝ አብረው ወንዙን ተሻገሩ። ከማዶ ሲደርሱ የኔታ ቆሙ።

«ምን ብለህ ነገርከው?»

«ያሉትን ነዋ የኔታ። ወርቅ አሉ፣ ወርቅ አልኩ።»

የኔታ ጥምጥማቸው እስኪፈታ ሳቁ። «ስለምንህ እምቢ ያልከኝን ጉባኤ ቃና በሰው አገር ቋንቋ ቆጠርከው!»

ክንዱ በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ደስ ብሎት አያውቅም። ደፈር አለና፣ «እንግዲያ ሀብትነሽን…» ሲል ጀመረ።

«ካኪውን ስታወልቅ» አሉ የኔታ። «አሁን ግን አታውልቅ። አገሩ የማይጨምር የማይቀንስ አፍ ያስፈልገዋል። አንተ ዘመኑን ጠብቅ፤ እሷም መጠበቁን ታውቅበታለች።»

ድንጋዩ በበሩ ላይ በወርቅ ቀለም አበራ። ፊደል የቆጠረው ላልቆጠረው እያነበበለት፣ የቡሬ ሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቀና ብሎ «ዘመናዊ!» እያለ ይስቃል። ካፒቴኑም ሕዝቡ ወደደን ብሎ ከመስኮት እጁን ያወዛውዝለታል። ሉቃስም ዮሐንስም አለፉ። በዘመነ ማቴዎስ ካሚዮኖቹ ዕቃቸውን ጭነው ከቡሬ ወጡ፤ ድንጋዩ እንዳለ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ክንዱ ነጭ ሸማ ለብሶ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ የየኔታን ደጅ ጠና። የኔታም እንደ ወጉ ጠየቁት።

«ልጄን እስከ መቼ ልትይዛት ነው?»

«ለዘለዓለም!» አለ ክንዱ፣ ሳያስብ።

«በስመ አብ!» የኔታ ከመደቡ ሊነሡ ምንም አልቀራቸው። «ይህ ቃል የአንድዬ ነው አላልኩህም? ዘ፣ ለ፣ ዓለም…»

«አባቴ!» አለች ሀብትነሽ ከጓዳ፣ ሳቋ እያቋረጣት። «ወርቁ ለአንቱ ይሁን። ለእኛ ሰሙ ይበቃናል!»