የውሰት በርኖስ

ጦርነቱ በወሎ በኩል እየገፋ በመጣበት ዓመት ቀየት ከተማ መብራት ጠፋ፤ ስልክ ጠፋ፤ ደግ ወሬም አብሮ ጠፋ። ያልጠፋው የይታየው ቪዲዮ ቤት ብቻ ነበር። ጄኔሬተሩ እንደ ሽማግሌ እየሳለ ይነሣል፣ በቆርቆሮ የተከደነችው ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይበራል፣ ሰውም አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠባብቆ ይቀመጣል።

ይታየው ሃምሳን ያለፈ፣ ከስምንተኛ ክፍል የወጣ፣ ሚስት ያላገባ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ከ«የስ» እና ከ«ኖ» ብዙም አይዘልም። ግን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ፊልሙን ለሕዝቡ የሚተረጉመው እሱ ነው፤ ያልገባውን ከራሱ ይጨምርበታል። የተማሩት የወረዳ ሠራተኞች ሲስቁበት፣ «እናንተ ገብቷችሁ ለማን ነገራችሁ?» ይላቸዋል።

ያን ሰሞን የሚያሳየው ዓለም ከተማ ከሚነግደው ከሙሐመድአወል በፍላሽ ያስቀዳቸውን የጥንት የፈረንጅ ፊልሞች ነበር። ቀለም የላቸውም። ሁሉም በአንድ ትልቅ ጦርነት ዘመን የተሠሩ የፍቅር ቀልዶች ናቸው፤ አጥንታቸውም አንድ ነው። ደሃው ሀብታም መስሎ ይታያል፣ ሀብታሟ ደሃ መስላ ትታያለች፣ ሳይተዋወቁ ይዋደዳሉ። የቀየት ሰው ከህንዱም ከካራቴውም አብልጦ እነዚህን ወደደ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ወዳጆ፣ «ጦርነት አለበት፤ የሚሞት ግን የለበትም» አሉ።

ከሁሉም የሚወደደው ስለ አንድ ወታደር የሚናገረው ነበር። ወታደሩ ለሦስት ቀን እረፍት ከግንባር ይመጣል። ብርድ ሲመታው የአንድ ባለጸጋ መኮንን ካፖርት ይዋሳል። አንዲት ልጅ ካፖርቱን አይታ የከበርቴ ልጅ ነው ትላለች፤ እሱም ስለወደዳት «አይደለሁም» ማለት ያቅተዋል። ይታየው ወታደሩን «ሃምሳ አለቃ»፣ ልጅቱን «እመቤት ኮከብ» ብሏቸዋል።

«አሁን እናትየዋ ምን አለችው መሰላችሁ? ‹አንተ ልጅ፣ አባትህ ስንት ጥማድ በሬ አላቸው?› አለችው። እሱም፣ ‹እመቤቴ፣ ዘመቻ ላይ ስለሆንኩ አልቆጠርኳቸውም› አላት።»

«ፈረንጅ በበሬ ያርሳል እንዴ፣ ይታየው?» ይላል አንዱ ከኋላ።

«ነዳጅ ሲጠፋበት ምን ያድርግ!»

ቤቱ በሳቅ ይናጋል። መጨረሻው ላይ ግን፣ ልጅቱ እውነቱን ልትሰማ በሩን ስትከፍት፣ ፊልሙ ይቆረጣል። ሲቀዳ ነው የተበላሸው። ይታየው አይደናገጥም። «እውነቱን ሲነግራት ሳቀች፤ እናትየዋም ሳቀች፤ ተጋቡ» ይልና ጄኔሬተሩን ያጠፋል። ያ መጨረሻ የራሱ ፈጠራ መሆኑን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ምንተስኖት የመጣው በኅዳር ብርድ፣ ከተፈናቃዮቹ ጋር፣ በስስ ሸሚዝ ነው። በሰው የስፌት መኪና ላይ ልብስ እየሰፋ የሚኖር፣ እናት አባት የሌለው ልጅ ነበር። ይታየው ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ አግዳሚ ላይ አስተኛው። ጠዋት ከንፈሩ ጠቁሮ ሲያገኘው ከሣጥኑ አንድ ጥቁር በርኖስ አወጣለት። በርኖሱን ባለፈው ዓመት ራቤል ከተማ የሞቱት ልጅ አልባ አጎቱ ናቸው ያወረሱት። ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ፣ ትከሻው ላይ ሹል ያለው፣ በመንዝ አገር የባለጸጋ ሰው ልብስ ነው። ይታየው ራሱ አንድ ቀን እንኳ አልለበሰውም። «እሱን ብሎ ባለ በርኖስ!» የሚለው የሰው አፍ፣ ገና ሣጥኑን ሲከፍት ይሰማው ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄማ ለእኔ ይከብዳል።»

«ብርዱስ አልከበደህም? ልበስ እንግዲህ!»

እዚህ ድረስ ክፋት አልነበረበትም። በኋላ ራሱን ሲከስ እንኳ ይህቺን አይክድም ነበር። ክፋቱ የገባው ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ከወይዘሮ ጥሩሸዋ ጋር ነው።

ጥሩሸዋ ባሏ የሞተባት፣ ባለ ወፍጮና ባለ ብዙ በግ ሴት ናት። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ይታየው አባቷ ቤት ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባትየው ገና መልስ ሳይሰጡ፣ እሷ ከጓዳ ሆና፣ «በአንድ በሬ አርሶ ማንን ሊያበላ ነው? ሁለተኛውን በሬ እኔ ልሁንለት?» አለች። ሽማግሎቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው እያፈኑ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አገሩ «ነጠላ በሬ» አለው። ያቺ ቃል፣ ጥርስ መሐል እንደገባች የቆሎ ገለባ፣ በምላስ ቢላት በጣት ቢላት አልወጣችለትም። ሌላው ቀርቶ ታናሹ ሆና ሳለ፣ «እርስዎ» እንጂ «አንቺ» ብሏት አያውቅም፤ አክብሮ ሳይሆን አርቆ።

ያን ቅዳሜ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ይታየው፣ ያ እንግዳህ የማን ልጅ ነው?»

«ከወሎ ነው የመጣው።»

«የደህና ቤት ልጅ ነው አይደል? ያንን በርኖስ አየሁት። እጁም አፈር የነካው እጅ አይደለም።»

አንድ ቃል ትበቃ ነበር። «በርኖሱ የእኔ ነው» ቢላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ይታየው ግን፣ «እኔ ምን አውቄ፣ እመቤቴ። ዓይን አለዎት፤ አይተውታል» አላት። እሷም ገብታ ፊልሙን አየች፤ ጥማድ በሬው ጋ ሲደርስ ከሰው ሁሉ በላይ ሳቀች።

የጥሩሸዋ ልጅ የምሥራች፣ ለተፈናቃይ በሶና ቆሎ ከሚያድሉት አንዷ ነበረች። ምንተስኖትን እዚያ አየችው። የተቀደደ ቀሚሷን አንድ ጊዜ ሰፋላት፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን ሳይቀደድ ይዛለት መጣች ይባላል። እናትየው ነገሩን አይታ መንገድ ጠረገችለት። ወር ሳይሞላ ጋብቻ ተባለ።

በዚያ አገር ደህና ቤት ልጁን የሚድረው በእኩል ነው። የሴቷ ወገን በጎቿን በአንድ በኩል ያቆማል፣ የወንዱ ወገን የእሱን በሌላ በኩል፤ ሽማግሌ አንድ ለአንድ ያገናኛል። ምንተስኖት ተፈናቃይ በመሆኑ ግን፣ እሑድ በሽማግሌ ፊት ቆሞ ያለውን ሀብት በመሐላ ይጥራና፣ መንገድ ሲከፈት ያምጣ ተባለ። ልጁ ይህን ሲሰማ ወደ ይታየው ሮጠ።

«ጋሼ፣ ልንገራቸው። አለኝ ብዬ አንድም ቀን አልተናገርኩም፤ የለኝምም አላልኩ። አሁን ግን ማል እያሉኝ ነው።»

«ተው አንተ! ፊልሙን ስንቴ አየኸው? ሃምሳ አለቃው እውነቱን መች ተናገረ? መጨረሻ ላይ! ምን ሆኑ? ሳቁ!»

«እሱ ፊልም ነው እኮ።»

«ፊልምስ ከሰው ኑሮ አይደል የሚቀዳው? አሁን ብትናገር እንደ ውሻ ያባርሩሃል። እሑድ፣ ሁሉም ሰው ባለበት፣ ደስ ብሏቸው ሳሉ ትናገራለህ፤ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ያልፋል። እኔን አባትህን ስማኝ።»

«አባትህን» ሲል ምላሱ አልተያዘም። ልቡ ያለው ሌላ ዘንድ ነበር። ጥሩሸዋ አገር በተሰበሰበበት በጎቿን አሰልፋ ስትቆም፣ በሌላው ወገን ባዶ ሜዳ ሲሆን፣ ሽማግሎቹ ሳቃቸውን በነጠላ ሲያፍኑ በዓይነ ሕሊናው ያይ ነበር። ልጁ በዚያ ሥዕል ውስጥ የት እንደሚቆም አንድ ጊዜም አላሰበም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የምሥራች ቪዲዮ ቤት መጣች። ከሱፍ የሠራችውን ኮፍያ ይዛለች።

«ጋሽ ይታየው፣ ይቺ ለእርስዎ ናት። ዘመድ ለሌለው ሰው ዘመድ ሆነዋል ብዬ ነው።»

«ለእኔ? ምን በወጣኝ…»

«ለእማዬም ስል ነው። ወንድሜ አወቀ ከዘመተ አራት ወሩ፣ ድምፁ የለም። እማዬ ከዚያ ወዲህ ጥርሷን አላየንም ነበር። እዚህ ቤት ጥማድ በሬ ሲሉ ነው የሳቀችው። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ብቻዋን ትስቃለች። ‹ይታየው በክፉ ቀን አሳቀኝ፣ እግዜር ይስጠው› አለች።»

ይታየው ኮፍያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። የአወቀን መዝመት ያውቃል፤ ማን የማያውቅ አለ? ግን አንድም ቀን ጥሩሸዋን የዘማች እናት ናት ብሎ አላሰባትም። በሐሳቡ ውስጥ እሷ ሁልጊዜ ከጓዳ የምትናገር የሃያ ዓመት ልጃገረድ ናት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች የምሥራች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምንተስኖት የሚነግረው ለእርስዎ ብቻ ነው። አይወደኝም?»

«እንዴት አይወድሽም! ማን አለሽ?»

«ታዲያ ለምን ሊሄድ ነው? ትናንት ከምልምሎቹ ጋር ስሙን ሲያስጽፍ አዩት። መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ግንባር ይነሣል። ብጠይቀው፣ ‹ከማፈር መሞት ይሻላል› ብቻ አለኝ። ምን የሚያሳፍር ሠርቶ ነው?»

የእሷ ዓይን ፊቱን ሲፈልግ ይታየው የጄኔሬተሩን ገመድ ሊጠቀልል ጎነበሰ፤ ተጠቅልሎ የነበረውን ገመድ ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው። የጥሩሸዋን አንድ ልጅ ጦርነት ወስዶባታል። ሁለተኛውን፣ ገና አማቿ ያልሆነውን፣ እሱ በገዛ አፉ እየሸኘው ነው። የሚሞት የሌለበትን ጦርነት ለሰው ሲያሳይ ከርሞ፣ የሚሞትበትን አዘጋጅቶ ቆየ።

«ሂጂ ወደ ቤትሽ» አላት። «እኔም ከኋላሽ እመጣለሁ።»

ጥሩሸዋ ግቢ ሲደርስ አያ ወዳጆና ሁለት ሽማግሎች የእሑዱን ነገር ሊያሰናዱ ተቀምጠዋል። ምንተስኖትም ጥግ ላይ፣ በርኖሱን እንደለበሰ፣ አንገቱን ደፍቷል። ይታየው «ቁጭ በል» ሲሉት አልተቀመጠም።

«ያ በርኖስ የእኔ ነው» አለ። «ብርድ ሲመታው ያለበስኩት እኔ ነኝ። ልጁ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው እንኳ የሰው ነበር። በግ የለውም፣ መሬት የለውም። ሊነግራችሁ ሲል ተው ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ጥሩሸዋ በእጇ የያዘችውን ጣሳ ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ምንተስኖት በርኖሱን ከትከሻው ሊያወርድ ሲጀምር የምሥራች በሩ ላይ ሆና፣ «አታውልቅ፣ ብርድ ነው» አለችው።

«ለምን ተው አልከው?» ሲሉ ጠየቁ አያ ወዳጆ።

ይታየው እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። የሃያ ስድስት ዓመቱን ነገር ግን በሽማግሎቹ ፊት ማውጣት አቃተው። «እንዳይዋረድ… አፍሬለት ነው» አለ።

የሽማግሎቹ ፊት ወዲያው ተፈታ። «አይ ይታየው!» አሉ አያ ወዳጆ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «የአጎቱን ቅርስ ለማያውቀው ሰው አልብሶ፣ ‹የእኔ ነው› ላለማለት አንድ ወር ዝም! እኛ እኮ ይህን ሰው ሳናውቀው ነው የኖርነው።»

«የለም፣ እንደሱ አይደለም…»

«ዝም በል፣ ደግ ሰው ራሱን አያመሰግንም።» ወደ ጥሩሸዋ ዞሩ። «እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው፣ ልጄ። ጋብቻው ይፍረስ ትያለሽ?»

ጥሩሸዋ ልጇን አየች፤ ምንተስኖትን አየች። «መዝገብ ላይ ስምህን ያስጻፍከው ለዚህ ነው?» አለችው። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «እኔ አንድ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ ይበቃኛል። ሂድና አስፍቅ» አለች። «ግን ወጉስ፣ አያ ወዳጆ? በእኩል ነው ያልነው።»

«እኩል ማለት እኩል ነው። እሱ ባዶ እጁን ከመጣ፣ እሷም ባዶ እጇን ትውጣ። ባዶ ለባዶም ይገጥማል።»

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ፤ ስህተት አላገኙበትም። የምሥራች ከጠቦት ጀምራ ያሳደገቻቸው፣ በስም የምትጠራቸው በጎች ነበሯት። ለአፍታ ወደ በረቱ ዞር ብላ አየችና፣ «ይሁን» አለች። ይታየው ያቺን ዞር ማለት አየ። ባያያት በወደደ።

«አባት የለውም» አሉ አያ ወዳጆ። «አባት ሆኖ የሚቆምለት ይታየው ነው። ከእሱ የተሻለ ከየት ይመጣል?» ምንተስኖት ተነሥቶ የይታየውን ጉልበት ሳመ። ይታየው የልጁን ራስ በእጁ ሊያነሣ ሲሞክር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው።

ሽማግሎቹ ወደ ቤት ሲገቡ ጥሩሸዋ ከደጅ ቀረች። እሱም ቀረ።

«አፍረህለት አይደለም» አለችው።

«አይደለም። አንቺን ላዋርድ ነበር።»

«አንቺ» ያላት ሳያስበው ነው። እሷም እንዳልሰማች ሆነች።

«ያኔ የተናገርኩትን እኔም አልረሳሁትም። የእኔን ለእኔ ብትከፍለኝ እሺ ነበር። የከፈለችው ግን ልጄ ናት።»

«ልግባና እውነቱን ልንገራቸው።»

«እንዳታደርገው! ያ ልጅ አባት አገኘሁ ብሎ እያለቀሰ ነው። ተናግረህ አንተ ልትቀልል፣ እሱ ሁለተኛ ሊወድቅ? ሸክሙን ለብቻህ ያዘው፤ ያንተው ነው። በል ግባ፣ ይጠብቁሃል።»

ገባ። አያ ወዳጆ ከጎናቸው፣ ከፍ ባለው መደብ ላይ፣ ቦታ ለቀቁለት። ሁሉም ለምርቃት ተነሣ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ጥንዶቹን መረቁ፣ ዘማቹን አወቀን በደህና ይመልስልን አሉ፣ በመጨረሻም ወደ ይታየው ዞረው፣ «እንደዚህ ያለውን ሰው ያብዛልን» አሉ።

«አሜን» አለ ቤቱ በሙሉ። ምንተስኖት ከሁሉም ጮክ ብሎ አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን አላጠፉም፤ ይታየውን እያዩ ይጠብቃሉ። ጥሩሸዋም ከበሩ ታየዋለች።

«አሜን» አለ ይታየው።